ለልጅ ልጅ የዌልስ ፖኒ ከመግዛት በፊት



በኢየሩሳሌም ከነቢያት መንገድ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ የሚታጠፍ ሰው በግራና በቀኝ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ያያል። እዚያ የሚገኘው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ፣ ከያፎ ወደብ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው ሰውም ሆነ ዕቃ የሚመጣው በእንስሳ ጀርባ ወይም እንስሳ በሚጎትተው ጋሪ ነበር። የያፎና የኢየሩሳሌም ባቡር ሥራ የጀመረው በ1892 ነው። ዛሬ በዚያች ጠባብ መንገድ የሚሰማው የመኪና ድምፅ ነው። ልጆች ፈረስ ሲጋልቡ ለማየት ከከተማው ወጥቶ በይሁዳ ተራሮች ወዳሉት ሞሻቮች መሄድ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረውም እዚያ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ አንድ ቀን ፖኒ ላይ ትቀመጣለች። ማታ ቤት ስትመለስ ሌላ ወሬ የላትም። አያቷ በኢትዮጵያ ፈረስ እንደነበራቸው ሰምታለችና፣ ለእሷም እንዲገዙላት በዕብራይስጥ ትለምናቸዋለች። በስልክ ላይ የዌልስ ፖኒ የሚባል ነጭ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ጋማው የተበጠረ ፈረስ ፎቶግራፍ ታሳያቸዋለች።

በዚህ ጊዜ አያት ሁለት ነገር ይሰማቸዋል። አንደኛው ደስታ ነው። በትምህርት ቤት ወረቀትና በኮምፒውተር ነገር የልጅ ልጅ እየመራች ስታሳያቸው ኖራለች፤ ፈረስ ግን እርሳቸው የሚያውቁት ነገር ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ነው። የጡረታ ገንዘብ የተቆጠረ ነው፤ ቤቱም አፓርታማ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሚቀርብላቸው አያቶች ነው።

ፖኒ ማለት ምን ማለት ነው?

ፖኒ የቁመት ስም ነው። በብዙ አገር ሙሉ ዕድሜው ደርሶ ቁመቱ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ፈረስ ፖኒ ይባላል። ቁመቱ የሚለካው ከመሬት ጀምሮ ጋማው እስከሚያልቅበት የትከሻ አናት ድረስ ነው፤ ራሱና አንገቱ አይቆጠሩም። በዚህ መለኪያ ከሄድን በሰሜን፣ በጎጃምና በሸዋ ደጋ የሚጋለቡት አብዛኞቹ የአገር ቤት ፈረሶች ፖኒዎች ናቸው። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 በሚከበረው በዓላቸው የአገው ፈረሰኞች የሚሰግሩባቸው ፈረሶች ብዙዎቹ በዚህ ቁመት ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የልጅ ልጅ ፖኒ ስትል፣ አያት በልጅነታቸው የጋለቡትን የሚያህል ፈረስ ማለቷ ነው።

የዌልስ ተራራ ፖኒ ደግሞ የታወቀ ዘር ነው። ዌልስ በብሪታንያ ምዕራብ ያለ ተራራማ አገር ነው፤ ዝናብና ነፋስ ይበዛበታል፣ ሣሩ ስስ ነው። ፖኒዎቹ በዚያ ተራራ ለብዙ መቶ ዓመታት ዓመቱን ሙሉ በሜዳ እየዋሉና እያደሩ ኖረዋል፤ በሰሜን ዌልስ በካርኔዳው ተራሮች ዛሬም በዚህ ዓይነት የሚኖሩ መንጋዎች አሉ። ከዚህ ኑሮ የተነሣ እግራቸው ጠንካራ፣ ሰኮናቸው የደነደነ፣ በጥቂት መኖ የሚጠግቡ ሆኑ። ሰው ዕቃ ጭኖባቸዋል፣ በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥም ጋሪ አስጎትቷቸዋል። በ1901 የዌልስ ፖኒና ኮብ ማኅበር ተቋቋመ፤ የዘር መዝገብም ጀመረ። በ1894 የተወለደው ዲዮል ስታርላይት የተባለ ነጭ ድንጉላ የዛሬዎቹ ብዙ ፖኒዎች አያት ሆኖ ይጠራል።

መዝገቡ አራት ክፍሎች አሉት። የተራራው ፖኒ ክፍል ኤ ነው፤ ቁመቱ ከ12 እጅ መብለጥ የለበትም። እንግሊዞች ፈረስን የሚለኩት በእጅ ነው፣ እኛ በጋትና በስንዝር እንደምንለካው ማለት ነው። አንድ እጅ 10 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ነው፤ 12 እጅ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክፍል ቢ እስከ 137 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ለግልቢያ ቀለል ያለ ነው። ክፍል ሲ በቁመት ከቢ ጋር እኩል ሆኖ በአካል ወፈር ያለ ነው። ክፍል ዲ ከዚያ የሚበልጥ ነው። ቀለሙ ዳማም፣ ጉራቻም፣ አምባላይም ሊሆን ይችላል፤ ዝንጉርጉር ብቻ በመዝገቡ አይፈቀድም።

እንግዲህ አንድ ሻጭ ‘የዌልስ ነው’ ቢል መዝገቡን ይጠየቅ። ወረቀት ከሌለው ቅይጥ ሊሆን ይችላል። ቅይጥ መሆኑ ነውር የለበትም፤ ልጅን ጥሩ አድርጎ የሚሸከም ቅይጥ ብዙ ነው። ነውሩ ለቅይጥ የንጹሕ ዘር ዋጋ መክፈል ነው።

ልጅቷ ምን ያህል ትመዝናለች?

ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት ፈረስ የሚሸከመው ከራሱ ክብደት ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ነው፤ ኮርቻውም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። አንድ የዌልስ ተራራ ፖኒ 220 ኪሎ ቢመዝን ልኩ 44 ኪሎ ነው። ኮርቻው 5 ኪሎ ከሆነ ለልጅቷ 39 ኪሎ ይቀራል። የሰባት ዓመቷ ልጅ 25 ኪሎ ብትሆን ዛሬ ይበቃታል። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ግን ፖኒው አይችላትም፣ እግሯም ከሆዱ በታች ይንጠለጠላል።

ፖኒ ደግሞ 25 ዓመት፣ አንዳንዱም ከ30 በላይ ይኖራል። የአሥር ዓመት ፖኒ የተገዛ እንደሆነ ልጅቷ ስታድግበት ገና አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ ሌላ አሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ታናሽ ወንድም አለ? ፖኒውን የሚቀበል የታመነ ቤት አለ? ይህ ጥያቄ ከመግዛት በፊት በቤተሰብ መመለስ አለበት። በእስራኤል በ1994 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንስሳን ማንገላታትም ሆነ መጣል ይከለክላል።

ስለ ዕድሜውም እንዲሁ ነው። ውርንጭላና ልጅ አብረው ይደጉ የሚለው ሐሳብ ደስ ቢልም ለጀማሪ ልጅ አደገኛ ነው። ያልተገራ ፈረስ ያልተማረ ጋላቢ ላይ ይፈራል፣ ልጁም ይፈራል፤ ሁለቱም ክፉ ልማድ ይዘው ይቀራሉ። ለመጀመሪያ ልጅ የሚሻለው ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው፣ ሌሎች ልጆችን ያስተማረ ፖኒ ነው። የተኮላሸ ወንድ ወይም ረጋ ያለች ባዝራ ይሁን፤ ድንጉላ ለልጅ አይገዛም።

ለማየት ሲኬድ

የመጀመሪያው ጉብኝት ያለ ልጅቷ ይሁን። ልጅ አንዴ ካቀፈችውና ስም ካወጣችለት በኋላ ‘ይቅር’ ማለት ከባድ ነው፤ ሻጩም ይህን ያውቃል።

ከቀጠሮው ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ጥሩ ነው። ፖኒው ተይዞ፣ ተጠርጎ፣ ኮርቻ ተጭኖ ከጠበቀ፣ ኮርቻው ይውረድና ከመጀመሪያው እንደገና ይጀመር። ጀርባው በላብ ረጥቦ ከሆነ እንዲደክም አስቀድመው አስሩጠውት ሊሆን ይችላል። ወደ ሜዳ ተለቆ ሲጠሩት ይመጣል ወይስ ይሸሻል? ልጓም ሲገባለት ጥርሱን ይገጥማል? ሆዱ ሲታሰር ዞሮ ለመንከስ ይሞክራል? አራቱን እግሮቹን ተራ በተራ ሲያነሡለት ይቆማል? ከሌሎች ፈረሶች ሲለዩት ይጮኻል? ፈረስ ገበያ ቆሞ ያደገ ሰው እነዚህን ነገሮች ሳይጠየቅ ያያቸዋል። ጠባይ ከመልክም ከዘርም ይቀድማል።

ከዚያ የሻጩ ሰው ይጋልበው። የሌላ ሰው ልጅ ወይም የሻጩ ሠራተኛ ሊቀመጥበት ካልደፈረ፣ የልጅ ልጅም አትቀመጥበት። ቀጥሎ የሚያስተምራት መምህር ይሞክረው። ልጅቷ የምትመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጉብኝት ነው።

ጥርስ፣ እግር፣ ጀርባ

ጥርስ አይቶ ዕድሜ ማወቅ የአገር ቤት እውቀት ነው፤ ዛሬም ሐኪሞች ይሠሩበታል። የመካከለኞቹ የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ፣ ቀጣዮቹ በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል። በ5 ዓመቱ አፉ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የጥርሱ ማለቅና መጋደል ነው። በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር አንድ ቡናማ መስመር በ10 ዓመት ገደማ ብቅ ይላል፤ በ15 ዓመት ገደማ ጥርሱን ያጋምሳል፣ በ20 ዓመት ገደማ እስከ ጫፉ ይደርሳል። ከአሥር ዓመት ወዲያ ግን ጥርስ ግምት እንጂ ቁርጥ ያለ ዕድሜ አይሰጥም፤ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ለእግሩ፣ በጠንካራ መሬት ላይ በእርምጃ፣ ቀጥሎም በሶምሶማ ቀጥ ብሎ እንዲሄድና እንዲመለስ ይደረግ። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ለስላሳ አሸዋ ላይ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠመ ምክንያቱን መጠየቅ ነው።

ሰኮናው ላይ ዙሪያውን የሚሄዱ፣ ወደ ተረከዝ እየሰፉ የሚመጡ ቀለበቶች ካሉ፣ አንገቱም ላይ ከጋማው ሥር የደነደነ ስብ ካለ፣ ላሚናይቲስ የሚባል የሰኮና ውስጥ በሽታ አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ለፖኒዎች ዋናው ጠላታቸው ነው፤ ከታች እንመለስበታለን። ጀርባውንም በእጅ ዳስሱት። ኮርቻ ያቆሰለው ቦታ ሲድን ብዙ ጊዜ ነጭ ጠጉር ያበቅላል። አምባላይ ፖኒ ከሆነ ጭራው ተነሥቶ ከሥሩ ይታይ። አምባላይ ፈረስ ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ወይም ዳማ ነው፣ እያደገ ይነጣል፤ ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ከጭራው ሥር ጥቁር እብጠት ይወጣበታል።

ሐኪምና ወረቀት

የአያት ዓይን ብዙ ያያል፤ የልብ ምትን፣ ሳንባንና በመርፌ የተደበቀ ሕመምን ግን አያይም። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የእንስሳት ሐኪም ይመርምረው። ሐኪሙን የሚመርጠውና የሚከፍለው ገዢው መሆን አለበት፤ የሻጩ የዘወትር ሐኪም አይሁን። ሐኪሙ ደም ወስዶ ማስታገሻ ወይም ማደንዘዣ ተሰጥቶት እንደሆነ ማስመርመር ይችላል። ሕመሙ በመድኃኒት የተደበቀ ፈረስ በምርመራው ቀን ጤነኛ መስሎ ይውላል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያነክሳል።

በቆዳው ሥር የተቀበረው ቺፕ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን ሐኪሙ በመሣሪያ ያረጋግጥ። የክትባት መዝገቡም ይታይ። በእስራኤል ትንኝ የሚያስተላልፈው የምዕራብ ናይል ትኩሳት ፈረስን ያጠቃል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በዱር አራዊት በኩል ይገባል፤ መንጋጋ ቆልፍ ከትንሽ ቁስል ይነሣል። ለሦስቱም ክትባት አለ። የባለቤትነት ዝውውር እንዴት እንደሚመዘገብ በግብርና ሚኒስቴር የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት መጠየቅ ይቻላል።

ውሉ በዕብራይስጥ ይጻፋል። የልጅቷ ወላጆች ሳያነቡት አይፈረም። ዕድሜው፣ የቺፕ ቁጥሩ፣ ያለበት ሕመም፣ እንዲሁም ለሙከራ ስንት ቀን እንደተሰጠና በሙከራው ጊዜ ቢታመም ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይግባ። በአገር ቤት ገበያ ሽማግሌ ቆሞ ይመሰክር ነበር፤ እዚህ ምስክሩ ወረቀቱ ነው።

ከተገዛ በኋላ

የግዢው ዋጋ አንድ ቀን ይከፈላል። ቀለቡ ግን በየቀኑ ነው። 220 ኪሎ የሚመዝን ፖኒ በቀን 4 ኪሎ ገደማ ድርቆሽ ይበላል፤ በዓመት ወደ 15 ኩንታል ማለት ነው። በአገር ቤት ፈረስ ሜዳ ተሰማርቶ ይግጥ ነበር፤ በኢየሩሳሌም ዙሪያ ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ስለማይጠበቅ ሣሩ ይደርቃል፣ ድርቆሹም በገንዘብ ነው። ውኃ በቀን እስከ 25 ሊትር፣ በሙቀት ቀን ከዚያም በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ ጥላም ያስፈልገዋል። ሰኮናው በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ በባለሙያ ይከረከማል፤ ይህ በዓመት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ጥርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፣ ይሞረዳል። የትል መድኃኒትና ክትባት አለ። ሌሊት በቁርጠት የተያዘ ፈረስ ሐኪም ሲጠራለት ሂሳቡ ከባድ ነው።

ማሳደሪያም ያስፈልጋል። በአፓርታማ የሚኖር ቤተሰብ ፖኒውን በሞሻቭ ካለ የፈረስ ማሳደሪያ በወር ክፍያ ያስቀምጠዋል። ከመግዛት በፊት ሁለት ሦስት ቦታ ዞሮ የወር ክፍያው ምን ምን እንደሚያጠቃልል መጠየቅ ነው፤ ድርቆሽ ነው? የበረት ጽዳት ነው? የሰኮና ሥራ ነው? ከዚያ የዓመቱን ወጪ በወረቀት ደምሮ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት መቀመጥ ነው። ሰንበትም አለ። ከብትም በሰንበት እንዲያርፍ ተጽፏል፤ መብላቱና መጠጣቱ ግን አይቀርም። በከተማው አብዛኛው አውቶቡስ በማይሠራበት ቀን ማን ያበላዋል የሚለው አስቀድሞ ይታሰብ።

ገብስ የበዛለት ፈረስ

ከአገር ቤት ልማድ እዚህ መለወጥ ያለበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በአገር ቤት ፈረስ ብዙ ይሠራል፣ ትንሽ ይበላል። የሚወዱት ፈረስ ገብስ ይሰጠዋል፤ የወፈረ ፈረስ የጌታው ክብር ነው። የዌልስ ፖኒ ግን በስስ ሣር እንዲኖር ሆኖ የተፈጠረ ነው። ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየጋለበችው ገብስ ቢጨመርለት፣ ወይም ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በየካቲትና በመጋቢት ለምለም ሣር ላይ ቀኑን ሙሉ ቢለቀቅ፣ ላሚናይቲስ ይይዘዋል። ሰኮናው ውስጥ አጥንቱን የያዘው ሥጋ ይቃጠላል፤ መቆምም ያቅተዋል። ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ከቆመ፣ ሰኮናውም ከሞቀ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። ብዙ ፖኒዎች የሚጎዱት በፍቅር ከተሰጠ ገብስ ነው። ስለዚህ ጎድን አጥንቱ ሳይታይ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ ፖኒ በልኩ ያለ ነው።

እርካብም እንዲሁ ነው። በአገር ቤት ብዙ ፈረሰኛ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ በትንሽ እርካብ አስገብቶ ይጋልብ ነበር። እዚህ ልጅ የምትጋልበው ተረከዝ ባለው ጫማ፣ እግሯ ቶሎ በሚወጣበት ሰፊ እርካብ ነው። ራሷ ላይ የፈረሰኛ ቆብ ሳታስር ኮርቻ ላይ አትወጣም።

ሳይገዙም መንገድ አለ

ወጪው ሲደመር ከአቅም በላይ ቢሆን ማፈር አያስፈልግም። ልጅቷ አንድ ዓመት ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን ትማር። በብርድም በሙቀትም ሳትሰለች ከሄደች፣ ጋጣ ከጠረገች፣ ሰኮና ካጸዳች፣ ፍላጎቷ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ አንድን ፖኒ በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት መከራየት፣ ወይም ከሌላ ቤተሰብ ጋር ወጪውን መካፈል ይቻላል። ልጁ የእድገት ወይም የአካል ችግር ካለበት፣ በዕብራይስጥ ‘ሬኺቫ ቲፑሊት’ ስለሚባለው በግልቢያ ስለሚሰጥ ሕክምና የልጁን ሐኪም ማማከርና መብቱን ከኩፓት ሖሊም መጠየቅ ይገባል።

ተገዛም አልተገዛም፣ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ በረቱ ይሂዱ። ጥርስ እንዴት እንደሚታይ፣ ከፈረስ ኋላ ለምን እንደማይቆም፣ ጋማና ጭራ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩአት። ዳማ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ፣ ቦራ የሚሉትን የአማርኛ ስሞች ያስተምሯት። ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ እንደነበር ይንገሯት። ለፖኒው ስም ለማውጣት ያን ጊዜ ብዙ የምትመርጥበት ይኖራታል።